በሰንጋ ብድር የበረረች ልጅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ፍኖተ ሰላም ላይ ሰብሰብ ብለው ጋቢ አለበሱኝ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ጫፉን በጣቴ እየዳበስኩ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር እያልኩ ነበር። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ዛሬ እንኳ ተው!» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው። የሥራ ዘመኔን በሙሉ የኖርኩት በአንድ የገጠር ቁጠባና ብድር ተቋም የብድር መርማሪ ሆኜ ነው። ሥራዬ ሰው የነገረኝን አለማመን ነበር። ደመወዙ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ የውሎ አበሉም ከጫማ ማስጠገኛ አያልፍም። ጥርጣሬው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ጡረታ ያልወጣው እሱ ብቻ ነው።

ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ ልጁን አብራሪ ሊያደርግ ፈልጎ ሊያማክረኝ መጣ። የትምህርቱን ወጪ ከነዝርዝሩ ያውቀዋል፤ መሬት አከራይቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ የቀረውን ከተቋም ወስዶ ሊሞላው አስቧል።

«ከተመረቀ በኋላስ?» አልኩት።

«ከተመረቀ በኋላማ አብራሪ ሆነ! ምን ቀረ?»

«ደመወዙ ደመወዝ እስኪሆን ድረስ ማን ያበላዋል?»

ጣቱን እያጠፈ ወጪውን እንደገና መቁጠር ጀመረ። እኔም ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን ጥያቄ አላውቀውም ነበር። ያወቅሁት በአንድ ገበሬ ልጅ በባንቺአምላክ ነው፤ ያወቅሁበት መንገድ ደግሞ ደስ የሚል አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት ደምበጫ ነው። እዚያ ያሠለጠኑኝ አቶ ይትባረክ ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ መንግሥት ሥራ፣ ከዚያም ወደ ብድር የገቡ ሰው ነበሩ። ቃላቸው አጭር ነው። ወደ ተበዳሪ ቤት ስንሄድ በፊት ለፊት ገብተው አያውቁም፤ አጥሩን ዞረው በጓሮ በኩል ብቅ ይላሉ። «ሰው ደጁን ለእንግዳ ያሰናዳል፤ ጓሮውን ማን ያየኛል ብሎ ይተወዋል» ይሉኝ ነበር። ከግድግዳ የተሰቀለ ማረሻ ካዩ ቀስ ብለው በአውራ ጣታቸው ያሹታል። ያበራ እንደሆነ ሰውዬው ያርሳል፤ የዛገ እንደሆነ ወይ አከራይቷል ወይ ዋሽቷል። የተበዳሪን ቤት ጠላ፣ ጉዳዩ ሳያልቅ፣ በከንፈራቸው አይነኩም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የበሬው ነገር ነው። መርማሪ ሊመጣ ነው ሲባል የጎረቤት በሬ ተውሶ ከደጁ የሚያስር ሞልቷል። አቶ ይትባረክ ስለ በሬው አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ቀኑን ማሳ ለማሳ ሲዞሩ ይውሉና ከብት በሚገባበት ሰዓት ተመልሰው «እስቲ ፍታው፣ ውኃ ይጠጣ» ይላሉ። በሬው ጠጥቶ ሲያበቃ ቀጥ ብሎ ወደ እውነተኛ ጌታው በረት ያዘግማል። ባለቤት ነኝ ያለው ሰውዬ «ና! ወዴት ነው!» እያለ ሲከተለው አቶ ይትባረክ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። ሰው ማሳፈር አይወዱም ነበር፤ ብድሩን ግን አይሰጡም።

ዋስንም በተበዳሪው ፊት ጠይቀው አያውቁም። በእኛ አገር ሰው በማኅበር ጽዋ ላይ፣ ወይ በንስሐ አባቱ ፊት፣ ዋስ ሁነኝ ሲባል እንቢ ማለት ነውር ነው። ልቡ እንቢ እያለ አፉ እሺ ይላል። አቶ ይትባረክ በሌላ ቀን ማሳው ድረስ ብቻቸውን ይሄዱና «እሱ ባይከፍል የትኛውን በሬህን ትሸጣለህ?» ይሉታል። በሬውን በስሙ የጠራ ሰው አስቦበታል። «ኧረ እግዜር ያውቃል» ያለውን ግን ከዋስነት ይሰርዙታል፤ እንቢ ያለው እሱ ሳይሆን እሳቸው ስለሆኑ ሰውዬው ከይሉኝታ ይድናል።

ከደምበጫ ወደ ሰከላ አዛወሩኝ። ግሽ ዓባይ ለጸበል ለሚመጣው ሰው ዳቦና ሻማ የሚሸጡ ሴቶችን ብድር ስመረምር ቆየሁ። ዝውውሩ ቅጣት ነው፣ አንድ ሰው ከኋላ ወግቶኛል ብዬ ብዙ ጊዜ ተብሰልስያለሁ። ኋላ ስሰማ ቅጣትም ምንም አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ብርዱን ፈርቶ የሚሄድ ጠፍቶ ነው።

ከዚያ ቡሬ ገባሁ። ከተማው ሌላ ነው። የነቀምት መንገድ የሚገነጠልበት፣ የእህል ነጋዴው፣ ባጃጁ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ወሬ፤ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሊከፍት ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሰናይት በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ በፍጥነት ግን ማንም አይደርስባቸውም። እኔ የማይሆንበትን ምክንያት ስፈልግ እሳቸው የሚሆንበትን ጨርሰው ይጠብቁኛል። መጀመሪያ ሰሞን ከተበዳሪ ጋር ይሞዳሞዱ ይሆናል ብዬ ነበር። አይሞዳሞዱም፤ አጣርቻለሁ።

አቶ አስማረ ልጁን ይዞ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ በርበሬና በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ነው። ባንቺአምላክ ከዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች። ወጪ ችሎ የሚያሠለጥን አየር መንገድ ሞክራ ተራው አልደረሳትም፤ አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል የበረራ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። አባትየው ባሕር ዛፉን ሸጧል፣ የማኅበሩ ሰዎችም አዋጥተዋል፣ የቀረውን ከእኛ ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ልጄ አውሮፕላን ልትነዳ ነው» አለኝ፤ ፊቱ በርቷል።

«አውሮፕላኑ የማን ነው?» አልኩት።

«የትምህርት ቤቱ ነዋ።»

«ስትጨርስስ?»

«የቀጠራት ይሰጣታል።»

«የሚቀጥራት ማን ነው?»

አባት ወደ ልጁ ዞረ። እሷም ፈራ ተባ ሳትል «እሱን ገና አላወቅሁም» አለች። መልሷ ደስ አለኝ። አጭበርባሪ ብትሆን ኖሮ ቀጣሪውን በስም ትጠራልኝ ነበር። ቢሆንም ደስ ያለኝን ነገር አላምንምና ምርመራዬን ጀመርኩ።

ዋና ዋሷ የአባቷ የማኅበር ወንድም አያ ስንሻው ነበር። በሌላ ቀን፣ ሲያርስ፣ ብቻውን አገኘሁት።

«አያ ስንሻው፣ ለአስማረ ልጅ ዋስ ሊሆኑ ነው አሉ። ጽዋ ላይ ነው እሺ ያሉት?»

«ጽዋ ላይ ብያለሁ። እዚሁ ማሳ ላይም እላለሁ።»

«ልጅቷ ቢያቅታትስ? የትኛውን በሬ ይሸጣሉ?»

እርፉን እንደያዘ ሁለቱን በሬዎች አየት አየት አደረጋቸው። «ዳለቻን» አለኝ። «ቦራ ገና ልጅ ነው፣ ዋጋ አያወጣም። እንዲያው ግን ምነው ክፉ ክፉውን ብቻ ያሳስቡናል?»

«እንጀራዬ ነው» አልኩት።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ትምህርት ቤቱንም በጓሮው በኩል አየሁት። ከጥበቃው ጋር ሻይ ጠጣሁ። አውሮፕላኖቹ ከቆሙበት ጥግ ሄጄ ጎማቸው ሥር ሣር በቅሎ እንደሆነ ጎንበስ እያልኩ ተመለከትኩ። ከአንደኛው ሥር በቅሏል። መካኒኩን ለብቻው ጠየቅሁት፤ መለዋወጫ እየጠበቀ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ። ዋናውን አሠልጣኝም ጠየቅሁ፤ ትምህርቱ ከተባለው ጊዜ ሊዘገይ እንደሚችል ራሱ ነገረኝ። የቀሩት አውሮፕላኖች ዓይኔ እያየ ተነሥተው አረፉ። አንድም ውሸታም አጥቼ፣ እውነት ለመናገር ትንሽ ከፍቶኝ፣ ወደ ቡሬ ተመለስኩና «ይሰጥ» ብዬ ፈረምኩ።

እንግዲህ አከፋፈሉ ነበር የቀረው። በእኛ ተቋም አብራሪ ተበድሮ አያውቅም። የለመድነው የሰንጋ ማድለቢያ ብድር ነው፤ ገበሬው ከስቶ ያለ በሬ ይገዛል፣ ይቀልበዋል፣ ሰንጋው ሲደልብ ይሸጥና ይከፍላል። ለባንቺአምላክም ያንኑ አወጣን። ትማራለች፣ ትመረቃለች፣ ከተመረቀች በኋላ ጥቂት ትተነፍስና በየወሩ እኩል እኩል ትከፍላለች። ወይዘሮ ሰናይት አነበቡት፣ እኔ አነበብኩት፣ ከበላይ ያሉትም አነበቡት። ሁላችንም ሰንጋው በተመረቀ ማግሥት የደለበ መስሎን ነበር።

ልጅቷ ዘግይታ፣ ግን በጥሩ ውጤት፣ ፈቃዷን ያዘች። አባቷ ድግስ ደገሰ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ለካ የአብራሪ ፈቃድ መያዝ ሥራ መያዝ አይደለም። ሰዓት የበረረ ይቀጠራል፣ ሳይቀጠሩ ደግሞ ሰዓት አይበረርም። ስትንከራተት ቆይታ አንድ አነስተኛ የበረራ ድርጅት ተቀበላት። እዚያም ድርጅቱ በሚያበርረው አውሮፕላን እንደገና መሠልጠን አለባት፤ የሥልጠናው ወጪ በኋላ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ እስክትጨርስ የምታገኘው አበል ብቻ ነው። ከዚያም ረዳት አብራሪ ሆና የሚከፈላት መነሻ ደመወዝ ከቤት ኪራይ ብዙ አያልፍም፤ የሚደጉማት የበረራ አበሉ ነው፣ እሱም እንደበረረችው መጠን ነው። ይህን ሁሉ በወቅቱ የሚነግረኝ ሰው ነበር። አልጠየቅሁም። ይዋሻሉ ወይ ብዬ እንጂ እስኪጠግቡ ምን ይበላሉ ብዬ መጠየቅ አልተማርኩም።

የእኛ የመክፈያ ቀን ግን አልጠበቀም። አስማረ መጀመሪያ በበርበሬው ከፈለ፣ ቀጥሎ በበቆሎው። በተከታዩ ዓመት በርበሬውን ማሳ ላይ አጠወለገበት። ተቋሙ ዋስ ይጠራ አለ። መልእክቱን ማን ያደርሳል? መርማሪው።

አያ ስንሻው ከሩቅ ሲያየኝ ገባው። ደጁ ስደርስ ምንም አላናገረኝም፤ ገብቶ ዳለቻን ራሱ ፈትቶ አወጣው።

«ብዬ ነበር፤ ዳለቻን ብዬ ነበር» አለኝ።

የገበያ ዕለት ቡሬ አብሬው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ መሥሪያ ቤቴ አላዘዘኝም። ገዢው የበሬውን ጥርስ ሲያይ፣ ሻኛውን ሲጨብጥ አያ ስንሻው ወደ መንገዱ ይመለከት ነበር። በዚያ ዓመት ቦራን ከአስማረ በሬ ጋር አቀናጅተው ሁለቱ በፈረቃ አረሱ፤ የሁለቱም ዘር ዘገየ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ብድር ሲበላሽ አይቻለሁ። አንድ ሰው የዋሸበት ሲሆን እቆጣለሁ፣ በቁጣዬም ይወጣልኛል። እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። ሁሉም እንደተናገረው አደረገ፣ በሬውም ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ባንቺአምላክ ይህን ስትሰማ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ወይዘሮ ሰናይት ቢሮ ቆማ፣ ቁጭ በይ ብትባል እንቢ ብላ «አስራት ልክፈል» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

«አስራት ካገኙት ላይ ነው የሚወጣው። አባቴ ማሳው በሰጠ ዓመት ብዙ ያወጣል፣ በረዶ በመታው ዓመት ጥቂት። ቄሱ አምና ይህን ያህል ሰጥተህ ነበር ብለው አይሟገቱትም። እኔም ትንሽ ሳገኝ ትንሽ፣ ስጠግብ ብዙ ልክፈል። ጊዜው ይርዘም፣ ወለዱም ይቆጠርብኝ። የዋሶቼን ከብት ግን አትንኩብኝ።»

«ያገኘሽውን ማን ይነግረናል?» አልኳት።

«የመነሻውን ወረቀት አመጣለሁ። የበረራውን አበል እኔው እነግርዎታለሁ።»

«አስራትማ ተቀባዩ እግዜር ነው፤ እሱን ማንም አያታልለውም። እኔ ቡሬ ተቀምጬ አዲስ አበባ ስንት እንደበረርሽ በምን አውቃለሁ?»

«ይመኑኛ!»

ወይዘሮ ሰናይት ሳቁ። «እሱን ከሳቸው አትጠብቂ፤ እኔ አምንሻለሁ» አሏትና ፍኖተ ሰላም ድረስ ተመላልሰው ከአለቆቻቸው ጋር ተሟግተው አስፈቀዱላት። አንድ አሥረኛው አይበቃም ተብሎ ከአሥር ሁለት ሆነ፤ ድርብ አስራት ማለት ነው። ለአያ ስንሻውም የቀረው በሬ፣ ቦራ፣ እንደማይነካ ተነገረው።

ክፍያው መምጣት ጀመረ። ወር በገባ ቁጥር ይመጣል፣ ሳይዛነፍ፣ ያው ያህል። ወይዘሮ ሰናይት ደስ አላቸው። እኔን ግን ከነከነኝ። እኩል እኩል የሚመጣ አስራት የት ይታወቃል? ክረምት ገባ፤ ትናንሽ አውሮፕላኖች በክረምት እንደ በጋ እንደማይበሩ የነገረችኝ ራሷ ናት። ክፍያው ግን ያው ነው። ይህቺ ልጅ የሚበዛውን ደብቃ ለእኛ አንድ ልክ ቆርጣ አውጥታልናለች አልኩ። አያ ስንሻው ያለ ዳለቻ ቀርቶ እሷ አዲስ አበባ እየተንደላቀቀች መሆን አለበት ብዬ ደሜ ፈላ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ለማንም ሳልናገር፣ በራሴ ገንዘብ ተሳፈርኩ።

አድራሻዋን ከአባቷ ዘዴ ፈጥሬ ተቀብያለሁ። ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትኖራለች። ስደርስ የበረራ ሸሚዟን ሳታወልቅ ደጅ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ተማሪዎችን ሒሳብ ታስጠናለች። ከስታለች፤ ፊቷ ጠቁሯል።

«ጋሼ! ምነው፣ በደኅና ነው? አባቴ ደኅና ነው?»

«ሁሉም ደኅና ነው። ተማሪዎቹን አሰናብቻቸው።»

ክፍሏን እንደለመድኩት ቃኘሁ። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ሽሮ ያለበት ጣሳ፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ። የተደበቀ ነገር ፈልጌ አጣሁ። የበረራ አበሏን ጠየቅኋት፤ ሁልጊዜ የምትነግረኝን ነገረችኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት።

አቀረቀረች። እስከዚያ ከምታሳውቀን እጅግ ያነሰ ነገረችኝ። በልቤ አሰላሁት፣ ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜ አሰላሁት። ከምታገኘው ግማሽ ያህሉን ነበር የምትልክልን።

«ለምንድን ነው አብዝተሽ የነገርሽን?»

«አያ ስንሻው ዳለቻን ሸጡ። ትንሽ ብልክ ቦራን የምታስሸጧቸው መሰለኝ።»

«አይነካም አላልናችሁም እንዴ?»

«እርስዎ እኛን አያምኑንም። እኛስ እናንተን እንድናምን ምን ግዴታ አለብን?» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ የለውም። «ደግሞ ያነሰ ብነግርዎት ኖሮ በማግሥቱ መጥተው ያጣሩ ነበር። ስላበዛሁት ይኸን ሁሉ ጊዜ ዝም አሉኝ።»

የጠቆረውን የዓይኗን ሥር አየሁት።

«እንቅልፍ ትተኛለሽ?» አልኳት።

«ባለፈው ካፒቴኑ ዓይኔን አይተው ዛሬ አትበሪም፣ ሂጂ ተኚ ብለው መለሱኝ። እንደገና ከተመለስኩ የሕክምና ማረጋገጫዬን ይይዙብኛል ብዬ እፈራለሁ። እሱ ከተያዘ ፈቃዴም ወረቀት ብቻ ነው።»

ወደ ደጅ ወጥቼ ተማሪዎቹ ተቀምጠውበት የነበረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰንጋ ቢከሳ ሰው አይጎዳም። ይህቺ ልጅ ከኋላዋ ሰው ጭና ነው የምትበርረው፤ እንቅልፏን ደግሞ ስንበላባት የኖርን እኛ ነን።

«ማስጠናቱን ትተያለሽ» አልኳት። «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ያገኘሽውን ያህል ብቻ ትናገሪያለሽ፣ ከዚያው ላይ ትልኪያለሽ። ለቦራ እኔ ዋስ ነኝ።»

ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ሰው ላይ ሳሳርፈው የኖርኩት ነው።

«በምን ልመንዎት?» አለችኝ።

«አያ ስንሻውን ጠይቂ። አጣሪ።»

ቡሬ ተመልሼ በቀጥታ ወደ አያ ስንሻው ሄድኩና ቦራ ቢነካ የጓሮዬን ባሕር ዛፍ ሸጬ እንደምተካለት ምስክር ባለበት ተናገርኩ። እሱም ከማመኑ በፊት ባሕር ዛፉን መጥቶ አየው።

ወሩ ገባ። ወይዘሮ ሰናይት የዕለቱን ገቢ እያዩ ከቢሯቸው ጠሩኝ፤ ተጨንቀዋል።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ባንቺአምላክ ምን ሆነች? የላከችው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ታመመች እንዴ?»

«የለም፣ ደኅና ሆና ነው ያነሰው» አልኳቸው።